በርዎ ላይ ያለው ገበያ፦ ከደብረ ብርሃን ለጻፉልን መምህርት

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ 14 ዓመት አገልግያለሁ። ባለቤቴ የግል ድርጅት ሹፌር ሲሆን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን መስክ ያድራል። ሁለት ልጆችና አማቴ አብረውን ይኖራሉ። የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ ወሩ ሃያን ሳይሻገር ያልቃል። በመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር 48,000 ብር ስላለኝ ማኅበሩ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያበድረኝ ይችላል። የሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ባጃጅ እንድገዛና ለሹፌር እንድሰጥ ትመክረኛለች። የባለቤቴ እህት ደግሞ የተከራየነው ቤት ጓሮ ስላለው 50 የእንቁላል ዶሮ ብናረባ ትላለች። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ግሩፕ 5,000 ብር ካስገባሁና ቪዲዮ እያየሁ «ላይክ» ካደረግሁ በሳምንት እጥፍ እንደማገኝ ነግሮኛል፤ እሱ አስገብቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የጎረቤት ልጆች ሒሳብ እየያዙ ስለሚመጡ እነሱን ሳስጠና ይመሽብኛል፤ ስለዚህ ጊዜም ያጥረኛል። የትኛውን ብጀምር ይሻለኛል? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ከባጃጁ፣ ከዶሮውና ከቴሌግራሙ የትኛውን ላስቀድም እያልኩ ነበር፤ ደግሜ ሳነበው ግን እርስዎ ጊዜ የሚያሳጣ ችግር አድርገው በመጨረሻ የጠቀሱት ነገር ከሦስቱም የተሻለ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ደብተራቸውን ይዘው በርዎ ላይ የሚጠብቁዎት ልጆች ገበያዎ ናቸው። ሙያው በእጅዎ አለ፣ ፈላጊውም ቤትዎ ድረስ መጥቷል፤ የቀረው ዋጋ መቁረጥ ብቻ ነው፤ እሱንም አንቆ የያዘው ይሉኝታ ይመስለኛል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የተመከሩትን ሦስቱን ተራ በተራ እንያቸው።

የአክስትዎን ልጅ ነገር በአጭሩ ልዝጋው። አሠሪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ሠራተኛ ሥራ ለመጀመር ለአሠሪው አይከፍልም። እንዲህ ያሉት ግሩፖች መጀመሪያ ላይ ጥቂት ብር በእርግጥ ይልካሉ፤ የሚልኩትም ኋላ የገቡት ሰዎች ካስገቡት ላይ ቆንጥረው ነው። ሰው አምኖ ከፍ ያለ ገንዘብ ሲያስገባና ዘመዶቹንም ሲያስከትል ግሩፑ ድንገት ይጠፋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም ሰው ሌላውን ሰው እየሳበ ጥቅም የሚያገኝበትን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። የአክስትዎ ልጅ ያስገባውን ማውጣት የሚችል ከሆነ ዛሬውኑ ያውጣ፤ «ለማውጣት አስቀድመህ ግብር ክፈል» ካሉት ግን ገንዘቡ እንደሄደ ቆጥሮ አንድም ብር እንዳይጨምርበት ይንገሩት።

ባጃጁ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ በንቀት የማልፈው ሥራ አይደለም። ነገር ግን 48,000 ብር በሦስት ሲባዛ 144,000 ብር ነው፤ አዲስ ባጃጅ ዛሬ ከዚህ በብዙ ስለሚበልጥ በዚህ ገንዘብ የሚገኘው ያረጀ ባጃጅ ወይም ከሌላ ሰው ጋር የሽርክና ድርሻ ይሆናል። ያረጀ ባጃጅ ደግሞ ሞተሩን የሚያዳምጥ ባለቤት አጠገቡ ያስፈልገዋል፤ ባለቤትዎ መስክ እያደሩ፣ እርስዎም ክፍል ውስጥ እያሉ ሹፌሩ ማታ አምጥቶ የሚሰጥዎትን የቀን ገቢ ከመቀበል በቀር ምን እንደተሠራ የሚያዩበት መንገድ የለዎትም። ጎማው፣ ጋራዡ፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ግን ሁሉም ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ሥራው በአንድ ጀንበር ሊቆም እንደሚችልም አይርሱ፤ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባጃጆች ከአገልግሎት ታግደው በነበረ ጊዜ በብድር የገዙ ሰዎች ዕዳ አብሮ አልታገደላቸውም። የእርስዎም ብድር ባጃጁ ሠራም አልሠራም በየወሩ ከደመወዝዎ ላይ ይቆረጣል፤ እርስዎ መክፈል ቢያቅትዎት ደግሞ ዋስ የሆኑልዎት ባልደረቦችዎ ደመወዝ ላይ ይዞራል። ባለቤትዎ ሹፌርነቱን ትተው ራሳቸው የሚነዱት ቢሆን ኖሮ ሌላ ስሌት እንሠራ ነበር።

ስለ ዶሮው ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ አንደኛ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ሁለተኛም እኔ ራሴ ሞክሬው ከስሬበታለሁ። ከገበያ ከተለያዩ ሻጮች የለቃቀምኳቸውን 40 ቄቦች (ገና እንቁላል መጣል ያልጀመሩ ሴት ዶሮዎች) አንድ ቤት ውስጥ አስገባኋቸው፤ በአሥረኛው ቀን ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገብቶ ከሳምንት በኋላ የቀሩኝ ዘጠኝ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ስለ ክትባታቸው አንዱንም ሻጭ አልጠየቅሁም፣ ከየት እንደመጡም አላወቅሁም ነበር።

የእርስዎ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት፤ የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። መብራት በአንድ ሌሊት ቢጠፋብዎት ሙሉውን ሊያጡ ስለሚችሉ ጫጩት የማሳደጉን ነገር ለሚያውቁበት ይተዉትና፣ ቢገዙ የክትባት መዝገብ ያላቸውን የሦስት ወር ቄቦች ከአንድ አሳዳጊ ብቻ ይግዙ። እንደ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ያሉት ዝርያዎች አምስተኛ ወራቸው አካባቢ መጣል ይጀምራሉ፤ ስለዚህ በሦስት ወራቸው የገዟቸውን ዶሮዎች የመጀመሪያው እንቁላል እስኪታይ ሁለት ወር ያህል ከኪስዎ እየቀለቡ ይጠብቃሉ። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለዶሮና ለቤት መሥሪያ አውጥቶ ለሁለቱ ወር መኖ የሚሆነው ያጣል፣ ዶሮዎቹም ተርበው ይዘገያሉ።

ትርፉን ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት ላስይዝዎት፤ የሒሳብ መምህርት ስለሆኑ ይፈትሹት። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ከ50 ዶሮ በቀን 40 እንቁላል ካገኙ ጥሩ የሚባል ነው። በዚህ መጠን አንድ ኪሎ መኖ ወደ 7 እንቁላል ይወጣዋል ማለት ነው። የመኖ ወጪ ከጠቅላላው ወጪ ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሚይዝ፣ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ለ7 ተካፍሎ በአንድ ተኩል ሲባዛ አንድ እንቁላል የሚፈጅብዎትን ይነግርዎታል። ለምሳሌ ኪሎው 60 ብር ቢሆን እንቁላሉ ለእርስዎ 13 ብር ገደማ ይፈጃል። በከተማዎ ያለ ባለሱቅ ከእርስዎ በ16 ብር ቢረከብ ከአንዱ 3 ብር፣ በወር ከ1,200 እንቁላል 3,600 ብር ይተርፋል። ይህ ለስሌት የወሰድኩት ዋጋ ስለሆነ በቦታው የመኖ መሸጫና የሱቅ ዋጋ ጠይቀው ይተኩት፤ ዋጋውም ባለበት አይቆምም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ከውጭ የሚገቡት ከመኖ ጋር የሚደባለቁ ቫይታሚኖችና ክትባቶች አብረው መወደዳቸው አልቀረም።

ከዚያ ሌላ የጾሙ ጉዳይ አለ። በሁዳዴ 55 ቀን የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም፣ መኖዋንም ትበላለች፣ እንቁላሏንም ትጥላለች። በገና ጾም ጊዜም እንዲሁ ነው። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች በጾም የሚገዟቸውን ሆቴሎችና ዳቦ ቤቶች አስቀድመው ይይዛሉ፤ ዶሮውንም ምርቱ ለበዓል እንዲደርስ አስበው ይገዛሉ። የሦስት ወር ቄብ በግንቦት መጀመሪያ የገዛ ሰው በሐምሌ እንቁላል ያያል፣ ምርቱ ከፍ የሚለውም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ፍልሰታ አልፎ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይደርሳል፤ የገና ጾም ኅዳር 15 እስኪገባም ሁለት ወር የጠራ ገበያ ያገኛል።

ዶሮው በቀን ጠዋትና ማታ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ቢወስድብዎት በወር 60 ሰዓት ነው፤ 3,600 ብሩን በዚህ ሲያካፍሉ ለአንድ ሰዓት ድካምዎ 60 ብር ይደርስዎታል። አማቴ ይረዱኛል ብለው አስበው ከሆነ ደግሞ ሳያማክሯቸው አይቁጠሩባቸው።

አሁን ማስጠናቱን በዚያው ሚዛን እንመዝነው። ስድስት ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስጠኑ በወር 18 ሰዓት ነው፤ ለዝግጅትና ለእርማት 6 ሰዓት ቢጨምሩ 24 ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ፣ አሁንም ለስሌት ያህል፣ በወር 800 ብር ቢከፍል 4,800 ብር፣ በሰዓት 200 ብር ያገኛሉ፤ ከጠመኔ በቀር ወጪ የለበትም፣ ብድርም ሆነ ዋስ አያስፈልገውም፣ ባይሳካም የሚያጡት ነገር የለም። ፈላጊ ይጠፋል ብለውም አይስጉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ልጁን ገና ከታች ክፍል ጀምሮ በሒሳብ ማጠንከር የማይፈልግ ወላጅ አላየሁም። ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚዘጋጁትም አሉ።

ችግሩ፣ እንዳልኩት፣ ይሉኝታው ነው። ትናንት በነጻ ያስጠኑትን ልጅ ዛሬ ክፈል ማለት ለጎረቤት ሰው ከባድ ነው፤ የከበደዎት ጎረቤትዎን ስለሚያከብሩ ስለሆነ አላሳንሰውም። ነገር ግን አሁን ያለው አሠራር ለልጆቹም አይጠቅምም። 7ኛና 11ኛ ክፍል በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ አንዱ የቤት ሥራውን ሊያስሠራ፣ ሌላው ፈተና ሲደርስ ብቻ ሲመጣ፣ እርስዎም በመካከል ወጥ እያማሰሉ የሚሰጡት ትምህርት የእርስዎን ሙያ አይመጥንም። ስለዚህ ነገሩን ዋጋ ከመጠየቅ ይልቅ ሥርዓት ከማስያዝ ይጀምሩት። በክፍል ደረጃ ይለዩአቸው፣ ቀንና ሰዓት ይወስኑ፣ ከስድስት ልጅ በላይ አይቀበሉ፤ አዲሱ አሠራር የሚጀምርበትንም ቀን ሁለተኛው ሴሚስተር ከሚከፈትበት ከየካቲት ጋር ያያይዙት፤ ሰው አዲስ ነገርን ከአዲስ ወቅት ጋር ሲሆን ይቀበለዋል።

ለወላጆቹም ለየብቻቸው ይንገሯቸው። ቡና ላይ በጅምላ አያንሱት፤ አንዷ ጎረቤት «ውይ እትዬ፣ ከእኛ ደግሞ ልትቀበይ ነው?» ብላ በሳቅ ካለፈችው ነገሩ እዚያው ይሞታል። ቃሉም አጭር ይሁን፦ «እስካሁን ልጆቹን እንደራሴ ሳስጠና ቆይቻለሁ። ከየካቲት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን በሰዓት ወስኜ ላስጠና ነው፤ በወር ይህን ያህል ነው፣ ክፍያው ወር ሲገባ ነው። መቀጠል ከፈለጋችሁ እስከ ጥር መጨረሻ አሳውቁኝ።» ከዚህ በላይ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ደመወዝዎ ማስረዳት ከጀመሩ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላል፣ ዋጋውንም በገዛ አፍዎ ያወርዱታል። ከስድስቱ ቦታ አንዱን መክፈል ለማይችል ቤት ልጅ አስቀድመው በልብዎ ይያዙለት፤ ለማንም ግን አይንገሩ፣ ለልጁ ክብርም ለእርስዎ ሰላምም የሚሻለው እሱ ነው። ከቀሩት ወላጆች አንዳንዶቹ እንደማይቀጥሉም ይጠብቁ። ከስድስቱ ሁለቱ ቢቀሩ የሚተኩ ልጆች ከሌላ ሠፈር ይመጣሉ፤ ያቋረጡትን ወላጆች ግን ሲያገኙ እንደ ቀድሞው ሰላም ይበሏቸው።

ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ቢገባ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረ ተመዝግቦ ስለሚቀር «ሰጥቼሽ አልነበር?» ከሚል ክርክር ይድናሉ። ዋጋዎንም በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እንደሚከልሱ ከወዲሁ ያሳውቁ፤ በመካከል መጨመር ቅሬታ ያመጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፤ በክፍልዎ የሚያስተምሯቸውን ተማሪዎች በክፍያ አያስጠኑ። ፈተናውን የሚያወጡትም ውጤቱን የሚሞሉትም እርስዎ ስለሆኑ፣ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆኑ፣ ያልከፈለው ተማሪ ዝቅ ሲል ወላጁ የሚያስበው ይታወቃል። እነርሱ ጥያቄ ካላቸው በትምህርት ቤት፣ በማካካሻ ሰዓት፣ በነጻ ይመልሱላቸው። የሚያስጠኑት ከሌላ ትምህርት ቤት ወይም ከማያስተምሩት ክፍል የሚመጣ ልጅ ይሁን። ከመጀመርዎ በፊትም ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያሳውቁና ቅጂውን ያስቀምጡ፤ በትምህርት ቤትዎ ይህን የሚመለከት መመሪያ ካለም ያኔ ያዩታል።

ግብሩን በተመለከተ፣ ከደመወዝዎ ላይ የሚቆረጠው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የሰንጠረዥ «ሀ» ግብር ሲሆን፣ በግልዎ ሠርተው የሚያገኙት ግን ለብቻው በሰንጠረዥ «ሐ» የሚታይ ነው። ሥራው ቋሚ እየሆነ ከመጣ፣ ይልቁንም ክፍል ተከራይተው ልጆች መሰብሰብ ካሰቡ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ወደ ከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው ፈቃድ የሚያስፈልግበትንና የሚከፈለውን አስቀድመው ይጠይቁ። ከዓመታት በኋላ ከቅጣት ጋር ከመክፈል ይህ ይቀላል።

በርቀት ማስተማርም ይቻላል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ እንዲሁም በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንዲችሉላቸው አስተማሪ ይፈልጋሉ፤ ፊደል ማስቆጠርና ቀላል ንባብ ማስለመድ ለእርስዎ አይከብድም። እዚያ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ በበጋቸው ወቅት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው 12 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ ከሥራዎ ጋር አይጋጭም። የሚያውቁት ዘመድ ካለ በአንድ ቤተሰብ ይሞክሩት፣ ክፍያውም በባንክ ይላክ። ዋና መተዳደሪያ ግን አያድርጉት፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

48,000 ብርዎን አይንኩት፤ ብድሩንም ለጊዜው ይተዉት። ከማስጠናት የሚያገኙት ገንዘብ በሌላ ደብተር ይያዝ፣ ቢቻል በሌላ ሒሳብ ይግባ፤ ከደመወዝ ጋር ከተቀላቀለ በገበያ ዘንቢል ውስጥ ይጠፋል፣ ወሩም እንደ ቀድሞው ሃያ ላይ ያልቃል። ግማሹን ለቤት ወጪ ይጨምሩ፣ ግማሹን ያስቀምጡ። ባለቤትዎ መስክ በማይወጡባቸው ቀናት የማታውን የልጆች ነገር እርሳቸው ቢይዙ ሦስቱ ቀናት ለእርስዎ ይቀላሉ፤ ይህንንም የካቲት ከመግባቱ በፊት ተነጋገሩበት።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሦስት ወር በዚህ ዓይነት ከሄዱ፣ ግንቦት ሲገባ ያለምንም ብድር ጥቂት ቄቦች ከሁለት ወር መኖ ጋር የሚገዛ ገንዘብ በእጅዎ ይኖራል። ለባለቤትዎ እህትም ይህን ይንገሯቸው፤ ሐሳባቸውን አልጣልንም፣ በጥቂቱ እንጀምረው ነው ያልነው። ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲዘጋና የሚያጠኑት ልጆች ሲቀንሱ ዶሮዎቹ መጣል ይጀምራሉ። አከራይዎን ግን ስለ ጓሮው አሁኑኑ ይጠይቋቸው፤ ቄቦቹን ከገዙ በኋላ «ዶሮ በግቢዬ አልፈልግም» ቢሉዎት የሚወስዱበት ቦታ የለዎትም።